«በፊቴ ቀርቦ ፈርሟል»፤ ሰነድን ከሩቅ የማረጋገጥ ዘዴ ታሪክ

አንድ ሰነድ ተረጋገጠ ሲባል በእርግጥ የተረጋገጠው ምንድን ነው? ብዙ ሰው በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ነገር እውነት መሆኑ የተመሰከረለት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በዩናይትድ ስቴትስ ኖታሪ የሚባለው አረጋጋጭ የሚመሰክረው ከዚህ እጅግ በጠበበ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም ፈራሚው በፊቱ መቅረቡን፣ የቀረበው ሰው ስሙ የተጠቀሰው እርሱ ራሱ መሆኑን፣ ሳይገደድም መፈረሙን ነው። የቤቱ ዋጋ ተመጣጣኝ ይሁን አይሁን፣ ውክልናው ወካዩን ይጥቀም አይጥቀም የእርሱ ጉዳይ አይደለም። «በፊቴ ቀርቦ ፈርሟል» የምትለው አንዲት ዐረፍተ ነገር የሥራው ሁሉ መሠረት ናት።

ይህችው ዐረፍተ ነገር በቅርብ ዓመታት ትርጉሟ ተለውጧል። ዛሬ በቨርጂንያ ቢሮው የተቀመጠ ኖታሪ በሌላ ክፍለ አገር ያለን ሰው በኮምፒዩተር መስኮት አይቶ «በፊቴ ቀርቧል» ብሎ ቢመሰክር ምስክርነቱ በሕግ የጸና ነው። ለውጡን ያመጣው የኤሌክትሮኒክስ ጥበብ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የሒሳቡ ጥያቄ የተፈታው በ1970ዎቹ ሲሆን ሕጉ የተለወጠው በ2011 ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያዘገየው የመሣሪያ እጥረት ሳይሆን «መቅረብ» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አለመወሰኑ ነው የሚለው የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ነው። (የውጭው ታሪክ ዓመቶች በአውሮፓውያን፣ የአገራችን ሕጎች ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።)

የመቅረብ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ በ537 ዓ.ም. ባወጣው አርባ አራተኛ ደንብ መግቢያ ላይ ለሕጉ መነሻ የሆነውን ክርክር ይተርካል። መጻፍ የማትችል አንዲት ሴት በስሟ የተዘጋጀው ሰነድ እኔ ያልሁትን አልያዘም ብላ ተከራከረች። ታቤሊዮ የሚባለው የሰነድ ጸሐፊ ተጠርቶ ሲመረመር ቃሏን የተቀበለው ረዳቱ እንጂ እርሱ አለመሆኑ ታወቀ። ንጉሠ ነገሥቱም ጸሐፊው ጉዳዩን ከመቀበል አንሥቶ እስከ ፍጻሜው ራሱ በአካል እንዲገኝ አዘዘ። በዚያው ደንብ የሹም ስምና ዘመን የተጻፈበት፣ ፕሮቶኮል የሚባለው የሰነዱ የመጀመሪያ ቅጠል እንዳይቆረጥ ከለከለ። እንግዲህ ከ1400 ዓመታት በላይ በሆነው በዚህ አንድ ሕግ ውስጥ የዛሬው ጥያቄ ሁለት ገጽታዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ማን ቀረበ የሚለው፣ ሁለተኛው ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ አልተነካካም ወይ የሚለው ነው።

አባቶቻችንም ለእነዚሁ ሁለት ጥያቄዎች የራሳቸውን መልስ ሰጥተዋል። የጉልትና የመሬት ሰነድ በወንጌል ብራና ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይመዘገብ ነበር። ዛሬ በኤርትራ ግዛት በሚገኘው በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የተጠበቀው ወንጌለ ወርቅ የንጉሥ ላሊበላን ዘመን የመሬት ስጦታ ሳይቀር ይዟል። በጎንደር ዘመን የተጻፉትም የሽያጭ መዝገቦች እማኞችንና ዋሶችን በስም ይዘረዝራሉ። ማን ቀረበ ለሚለው መልሱ እማኞቹ ናቸው። ወረቀቱ አልተነካካም ወይ ለሚለው ደግሞ መልሱ መጽሐፉ ራሱ ነበር፤ ብራናውን የሚፍቅ ወይም ቅጠሉን የሚገነጥል ሰው ቅዱስ መጽሐፍ ማጉደሉ ነውና ድርጊቱ ሊሰወር አይችልም፤ በዚያ ላይ ግዝት ይጨመርበታል። በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ይህ እጅግ የታሰበበት ዘዴ ነው። መነካካትን ጨርሶ አያስቀርም፤ የተነካካ እንደ ሆነ ግን ያጋልጣል። ወደ ኋላ እንደምንመለከተው የዘመኑም ዘዴ ከዚህ የበለጠ ተስፋ አይሰጥም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህንኑ አስተሳሰብ በዘመናዊ አነጋገር አስፍሮታል። በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹ ተፈርሞ በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። በአንቀጽ 1728 ደግሞ ፊርማው በእጅ የሚጻፍ መሆኑን ይደነግግና፣ ማየት ወይም መጻፍ የማይችል ሰው ያደረገው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ ሰውየውን አያስገድደውም ይላል። በዩስጢንያኖስ ዘመን የተከራከረችው ሴት በዚህ አንቀጽ ፊት ብትቆም ኖሮ ጉዳይዋ ወዲያውኑ በታወቀላት ነበር።

የማኅበራችን አባላት በየንድፉ ግርጌ ማኅተምና ፊርማ ማኖር የዕለት ሥራቸው ስለሆነ የወረቀት ማኅተምን ደካማ ጎን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ማኅተሙ የሚያርፈው በወረቀቱ አንድ ማዕዘን ላይ ነው። ከማኅተሙ አንድ ስንዝር ርቆ የተጻፈ የብረት ውፍረት ከ16 ሚሊ ሜትር ወደ 12 ቢለወጥ ማኅተሙ ምንም አይሆንም፤ እንደ ተመታ ይቀመጣል። የማኅተሙ ቅርጽና የሰነዱ ይዘት እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። ሰባዎቹ ዓመታት ያመጡት ትልቅ ነገር ይዘቱና ማኅተሙ አንድ የሚሆኑበት መንገድ መገኘቱ ነው።

በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንድ ሰው ሁለት ቁልፍ ይኑረው የሚል ሐሳብ አሳተሙ፤ አንዱ ለዓለም ሁሉ የሚገለጥ፣ ሁለተኛው ከባለቤቱ እጅ የማይወጣ። በሚቀጥለው ዓመት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሮናልድ ሪቨስት፣ አዲ ሻሚርና ሌናርድ አድልማን ሐሳቡን በሥራ ላይ የሚያውል ስሌት አገኙ፤ በ1978 በታተመ ጊዜም በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት አር ኤስ ኤ ተባለ። የስሌቱ ምስጢር ከራሳቸውና ከአንድ በቀር አካፋይ የሌላቸውን ሁለት ግዙፍ ቁጥሮች ማባዛት ቀላል፣ ብዜቱን አይቶ ሁለቱን ቁጥሮች መልሶ ማግኘት ግን እጅግ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። (የእንግሊዝ መንግሥት የምስጢር ጽሑፍ ባለሙያ የነበረው ጄምስ ኤሊስ የሁለቱን ቁልፎች ሐሳብ በ1970 ደርሶበት እንደ ነበር በይፋ የተገለጠው በ1997 ነው። ምስጢር ጠባቂነት ክብርን ያስቀራል።)

ፊርማው የሚሠራው እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ሰነዱ በሙሉ፣ ነጥቡና ባዶ ቦታው ሳይቀር፣ በአንድ ስሌት አልፎ አጭር ቁጥር ይወጣለታል። ይህን ቁጥር የሰነዱ አሻራ ብንለው ያስኬዳል። ዛሬ በሰፊው በሚሠራበት ሻ-256 በሚባለው ስሌት አሻራው ርዝመቱ 256 የዜሮና የአንድ አሃዞች ነው፤ ሰነዱ አንድ ገጽም ይሁን ሺህ ገጽ ርዝመቱ አይለወጥም። ከሰነዱ አንድ ፊደል ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ፈራሚው ይህን አሻራ በምስጢር ቁልፉ ያስራል፤ ተቀባዩ በይፋው ቁልፍ ፈትቶ ራሱ ካሰላው አሻራ ጋር ያስተያየዋል። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ሰነዱ አልተነካም ማለት ነው። ከላይ የተጠቀሰው 16 ወደ 12 ቢለወጥ ማኅተሙ በዚያው ቅጽበት ይሰበራል።

ነገር ግን ይፋው ቁልፍ የማን ለመሆኑ ማን ይመሰክራል? በ1978 ሎረን ኮንፌልደር የተባለ የዚያው ተቋም ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ለዚህ መልስ አቀረበ፤ «ይህ ቁልፍ የእገሌ ነው» የሚል፣ በታመነ ሦስተኛ ወገን የተፈረመ የምስክር ወረቀት ይኑር አለ። የሦስተኛውን ወገን ቁልፍ ደግሞ ሌላ የበላይ ይመሰክርለታል፤ እንዲህ እያለ ሁሉም አስቀድሞ የሚያምነው አንድ ሥር እስኪደርስ ይወጣል። በ1988 ይህ አሠራር ኤክስ 509 በሚባል ዓለም አቀፍ መለኪያ ጸደቀ። አንባቢ ይህን የምስክሮች ሰንሰለት ልብ ይበል፤ በሌላ መልኩ ደግመን እናገኘዋለንና።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነበር። በ1991 ስቱዋርት ሃበርና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሰነድ በዚህ ቀን እንደ ነበረ እንዴት ይረጋገጣል የሚለውን ጥያቄ ሲመልሱ የሰነዶችን አሻራ እርስ በርስ በሰንሰለት ማያያዝን አሰቡ። ከ1995 ጀምሮም የሰንሰለቱ ማጠቃለያ ቁጥር በየሳምንቱ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እንደ ማስታወቂያ ይታተም ጀመር። ቁጥሩን ለማጭበርበር የሚሻ ሰው በየቤተ መጻሕፍቱ የተቀመጠውን ጋዜጣ ሁሉ መለወጥ ይኖርበታል። ሰነድን ማንም ሊፍቀው በማይደፍረው መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ከመጻፍ ጋር ነገሩ ምን ያህል እንደሚመሳሰል ማብራራት አያስፈልገኝም።

ሕግ አውጪዎች ነገሩን በፍጥነት የያዙት ይመስል ነበር። የዩታ ክፍለ አገር በ1995 የዲጂታል ፊርማ ሕግ በማውጣት ቀዳሚ ሆነች፤ ሆኖም ሕጉ በአንድ የቴክኒክ ዘዴ ላይ የተቸነከረ በመሆኑ ብዙም ሳይሠራበት በ2006 ተሻረ። በሰኔ ወር 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በፊላደልፊያ የፈረሙት የፌዴራል ሕግ ግን ለዘዴው ሳይጨነቅ፣ ፊርማ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ አይነፈገውም አለ። ፕሬዚዳንቱ ሕጉን በብዕር ከፈረሙ በኋላ በኤሌክትሮኒክ ካርድም ፈርመውታል፤ ለካርዱ ያስገቡት የምስጢር ቃል የውሻቸው ስም «በዲ» እንደ ነበረ በዕለቱ ተሰምቷል። የምስጢር ቃልን በአደባባይ መናገር በዚያ ቀን ብቻ የታየ ስሕተት ቢሆን ደስ ባለን ነበር።

ይኸው ሕግ ኖታሪም በኤሌክትሮኒክ ፊርማ ማረጋገጥ እንደሚችል ፈቅዷል። የመቅረብን ግዴታ ግን አላነሣም። ስለዚህ ለዐሥር ዓመታት ያህል እንግዳ ነገር ይታይ ነበር፤ ሰነዱ በመላው ዓለም በሰከንድ የሚዞር ሆኖ ሳለ ሰዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይፈርሙ ነበር። ይህን የለወጠችው ቨርጂንያ ናት። በ2011 ባጸደቀችውና ከሐምሌ 1 ቀን 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጊዜ የሚተያዩበትና የሚደማመጡበት የቪድዮ ግንኙነት እንደ መቅረብ ይቆጠራል ተባለ። ቴክሳስና ኔቫዳ በ2017 ተከተሉ፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ።

አሠራሩ በአብዛኞቹ ክፍለ አገሮች ተቀራራቢ ነው። ባለጉዳዩ ሰነዱን ለዚህ ወደ ተዘጋጀ ድርጅት ይልካል። የመታወቂያውን ፊትና ጀርባ ያነሣል፤ መሣሪያውም በጀርባው ያለውን የመስመር ምልክት ከፊቱ ጽሑፍ ጋር እያስተያየ ሐሰተኛ አለመሆኑን ይመረምራል። ቀጥሎ ከብድርና ከመኖሪያ አድራሻ ታሪኩ የተውጣጡ አምስት ያህል ጥያቄዎች ይቀርቡለታል፤ በተለመደው መለኪያ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ አራቱን መመለስ አለበት። ከዚያም ኖታሪው በቪድዮ ይገናኘዋል፤ ፊቱን ከመታወቂያው ጋር ያመሳክራል፣ የሚፈርመውን ማወቁንና አለመገደዱን ይጠይቀዋል። ባለጉዳዩ ይፈርማል፤ ኖታሪው ምስክርነቱንና ማኅተሙን ጨምሮ ሰነዱን በዲጂታል የምስክር ወረቀቱ ያሽገዋል። ኖታሪው በተሾመበት ክፍለ አገር ውስጥ መገኘት ይገባዋል፤ ባለጉዳዩ ግን በሌላ ስፍራ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሥራ በቨርጂንያ፣ በፍሎሪዳና በኒው ዮርክ የተፈቀደው የኖታሪ ክፍያ ጣሪያ 25 ዶላር ነው።

በዚህ ሂደት ውስጥ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። በሒሳብ የታሸገው የኖታሪው ቃል ነው እንጂ የፈራሚው ማንነት አይደለም። ባለጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ የምስጢር ቁልፍ የለውም፤ ፊርማው በመስኮቱ ላይ የተሣለ ምስል ብቻ ነው። ስለዚህ በኖታሪው ፊት የቀረበው ሰው አስመሳይ ከሆነ ያ ሁሉ የሰባዎቹ ዓመታት ጥበብ ሐሰቱን እንዳይፋቅ አድርጎ ከማተም በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም። ደካማው ቦታ አምስቱ ጥያቄዎች ናቸው። በ2017 ኢክዊፋክስ ከተባለው የብድር መረጃ ድርጅት ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች የግል መረጃ ተሰርቋል፤ ከእንዲህ ያለ መዝገብ የተቀዳ ጥያቄ ለባለቤቱ ብቻ የታወቀ ነው ማለት አስቸጋሪ ሆኗል። በአንጻሩ ደግሞ ከአገራችን በቅርቡ ሄዶ በዚያ የኖረ ሰው ገና የብድር ታሪክ ስለሌለው እውነተኛ ሆኖ ሳለ በፈተናው ሊወድቅ ይችላል። ሐቀኛውን የሚያስቀርና ሌባውን የሚያሳልፍ ወንፊት ደግሞ ወንፊት አይባልም።

ይህን ካልሁ በኋላ ስለ ቪድዮው መዝገብ አለማመስገን ፍትሐዊ አይሆንም። ሕጎቹ ግንኙነቱ በሙሉ ተቀርጾ እንዲጠበቅ ያዛሉ፤ በቨርጂንያ ቢያንስ ለአምስት፣ በፍሎሪዳና በኒው ዮርክ ለዐሥር ዓመታት። ቆየት ብሎ ክርክር ቢነሣ ዳኛው የፈራሚውን ፊት አይቶ ድምፁን ይሰማል። የወረቀት ምስክርነት ከዩስጢንያኖስ ጀምሮ እንዲህ ያለ ማስረጃ ኖሮት አያውቅም።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ክርክሩ በአንድ ጀምበር አበቃ። ሰው ከሰው እንዳይቀራረብ በታወጀበት ወር ቤት የሚሸጥ፣ ኑዛዜ የሚናዘዝ አልጠፋም። የኒው ዮርክ አገረ ገዢ በመጋቢት 2020 በሰጡት ትእዛዝ በቪድዮ ማረጋገጥን ለጊዜው ፈቀዱ፤ ቋሚው ሕግ ከጥር 31 ቀን 2023 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። ዛሬ ከአርባ በላይ ክፍለ አገሮች ቋሚ ሕግ አላቸው። ኖታሪው የሰነዱን ይዘት ጭምር በኀላፊነት በሚያዘጋጅባት ፈረንሳይ የመጀመሪያው ኤሌክትሮኒክ የኖታሪ ሰነድ በ2008 ቢፈረምም፣ ከሩቅ የሚሰጥ ውክልና በቋሚነት የተፈቀደው ከወረርሽኙ በኋላ በኅዳር 2020 ነው። ካሊፎርኒያ ሕጉን ያጸደቀችው በ2023 ሲሆን፣ የራሷ ኖታሪዎች ሙሉ በሙሉ የሚጀምሩበት ቀን እስከ 2030 መባቻ ሊዘገይ እንደሚችል ደንግጋለች።

ነገሩ ወደ እኛ የሚደርሰው በውክልና በኩል ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሰው አዲስ አበባ ያለውን ቤት እኅቱ እንድታከራይለት ወይም እንድትሸጥለት ውክልና ይሰጣል። በኤምባሲ ቀርቦ ካልፈረመ በቀር፣ በኖታሪ የተረጋገጠው ወረቀት ለብዙ ዓመታት የሄደበት መንገድ ይህ ነው፤ የኖታሪውን ፊርማ የክፍለ አገሩ ጽሕፈት ቤት ይመሰክራል፤ የክፍለ አገሩን የዋሽንግተኑ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፤ የእርሱን የኢትዮጵያ ኤምባሲ፤ የኤምባሲውን በአዲስ አበባ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፤ በመጨረሻም ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይደርሳል። ይህ ከላይ ልብ ይበሉ ያልሁት ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ ቢሮ የሚመሰክረው ስለ ባለቤቱ ሳይሆን ከእርሱ በታች ስላለው ማኅተም ብቻ ነው፤ ኮንፌልደር በ1978 የነደፈው ይህንኑ ነበር፤ ልዩነቱ የእርሱ ሰንሰለት በሰከንድ መመርመሩ ነው።

ሁለቱ ሰንሰለቶች ግን አይገጣጠሙም። በኮምፒዩተር የታሸገው ውክልና በወረቀት ከታተመ በኋላ አሻራውና ቁልፉ በመሣሪያው ውስጥ ቀርተው፣ በወረቀቱ ላይ የሚታየው የማኅተም ሥዕል ብቻ ነው። ያን ሥዕል በማንኛውም ማተሚያ ማባዛት ይቻላል። ስለሆነም ወረቀቱን በእጁ የያዘ ሹም ከአሮጌው ማኅተም ይልቅ ያነሰ ማስረጃ ይዟል፤ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። በሐሰተኛ ውክልና ቤቱ የተሸጠበት ሰው ገዢውን፣ ወኪል ነኝ ባዩንና መዝገቡን ሲያሳድድ ዓመታት ያልፉበታልና።

የሕግ መሠረት በአገራችን አልጠፋም። ሰነዶችን ስለማረጋገጥና ስለመመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 922/2008 የውክልና ሰነድ እንዲረጋገጥ ያስገድዳል። አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ኤሌክትሮኒክ ፊርማን ሕጋዊ አድርጎ የምስክር ሰንሰለቱን ሥር ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ሰጥቷል፤ 1205/2012 ስለ ኤሌክትሮኒክ ግብይት፣ 1284/2015 ስለ ዲጂታል መታወቂያ ደንግገዋል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ከአራቱ ይበልጥ የሚያሻግረው የመጨረሻው ነው፤ ፋይዳ የጣት አሻራን፣ የዓይን ብሌንንና ፊትን ስለሚመዘግብ፣ ማን ቀረበ ለሚለው ጥያቄ ከአምስቱ የብድር ጥያቄዎች የተሻለ መልስ ሊሆን ይችላል። ተቀባዩ ሹም ወረቀቱን ሳይሆን የታሸገውን ሰነድ ራሱን በመሣሪያ የሚመረምርበት ሥርዓት እስካልተዘረጋ ድረስ ግን መታወቂያው ብቻውን አያደርስም።

የቀረው የዕድሜ ጥያቄ ነው። የኖታሪው ዲጂታል የምስክር ወረቀት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጊዜው ያልፋል፤ የቤት ሰነድ ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ከዚህም በላይ የአር ኤስ ኤ ስሌት አቅም ባለው የኳንተም ኮምፒዩተር ሊፈታ እንደሚችል ፒተር ሾር በ1994 አሳይቷል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ገና አልተሠራም፤ ሆኖም የአሜሪካ የመለኪያዎች ተቋም በነሐሴ 2024 ለዚያ ቀን የተዘጋጁ ሦስት አዳዲስ መለኪያዎችን አውጥቷል፤ ከሦስቱ ሁለቱ የፊርማ ናቸው። በድሮው ቁልፍ የታሸጉት ሰነዶች የድሮው ቁልፍ ሳይሰበር በአዲሱ ላይ ተደርበው መታሸግ ይኖርባቸዋል። ይህን መፍትሔ ሃበርና ስቶርኔታ ከዴቭ ባየር ጋር በ1993 አስቀድመው ጽፈውታል፤ የገዳም ጸሐፊዎቻችንም ያረጀው ወንጌል ሳይበጣጠስ የመሬቱን መዝገብ ወደ አዲስ ብራና ይገለብጡት ነበር።